የሁዳዴ ወተት

ምንይችል የሚባለውን ሰው ስሙን ስጠራ ምላሴ ይመረኛል። ይምረረኝ! ምን ቆርጦኝ ነው የምሸፍንለት? ጎረቤቴ ነው። እንጅባራ ውስጥ ከገበያው ወደ ላይ ስትወጡ፣ የእሱ የእህል መጋዘንና የእኔ ጓሮ በአንድ አጥር ነው የሚለያዩት። እኔ አምሳለ እባላለሁ። ባሌ ካረፈ፣ ልጄ ቤዛዊትም ነርስ ሆና ዳንግላ ከገባች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው፤ ብቻዬን ስል ከድመቴ ጋር ማለቴ ነው።

ስሟ ዳለቻ ነበር፤ መልኳ የምድጃ አመድ ነው። ታዲያ ይቺ ድመት ለእኔ ቤት ብቻ የምትሠራ እንዳይመስላችሁ። ሲመሽ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ የምንይችል መጋዘን ትገባለች፤ ሲነጋ አይጥ በአፏ አንጠልጥላ ትመለሳለች። የሰውዬውን የጤፍ ጆንያ ስትጠብቅለት ነው የኖረችው። አንድ ቀን ፍርፋሪ ጣል አድርጎላት ያውቃል? ኧረ ወዲያ! "ውጪ!" ብሎ ከማባረር በቀር ሌላ አያውቅም።

ለሁዳዴ ቅበላ ሰሞን ወለደች፤ ሦስት፣ አልጋዬ ሥር፣ ባሌ ይለብሰው በነበረው አሮጌ ጋቢ ላይ። በዚያው ሰሞን ምንይችል በአጥሩ በኩል ጠራኝና "እትዬ አምሳለ፣ አይጡ ጆንያውን ፈጀው፤ መርዝ ላደርግ ነው" አለኝ። ስለነገረኝ እንኳ አመሰገንኩት፤ ሞኝ ነኝ።

"በሞቴ ምንይችል፣ ዳለቻ አራስ ናት" አልኩት። "ልጆቿ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። የተመረዘ አይጥ ከበላች አለቀላት። እነሱ ጥርስ አውጥተው እህል እስኪቀምሱ ብቻ ታገሠኝ።"

"ኧረ ችግር የለም! ፋሲካን እናሳልፋለን።"

"በጊዮርጊስ በለኝ።"

"በጊዮርጊስ!"

የማለ ሰው እኮ ነው። እኔ የማለ ሰው አምናለሁ፤ እናቴ እንዲያ ነው ያሳደገችኝ።

ሁዳዴ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ዳለቻ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች። አይጥ አልያዘችም። አፏ አረፋ ብቻ ነው። የኋላ እግሯ አልታዘዝ ብሏት እየጎተተች ደጃፌ ድረስ መጣች። ልጆቿ ከአልጋው ሥር ሲጮሁ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ሰማቻቸው፤ የበሩን ደፍ መሻገር ግን አልቻለችም። እዚያው እጄ ላይ አለቀች።

እንደ እብድ ነው የሄድኩት። ምንይችል መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጆንያ ያስጭናል።

"ምንይችል! ምን ነበር ያልከኝ? በማን ነበር የማልከው?"

"ውይ እትዬ፣ ረስቼው እኮ ነው!" አለ፤ እየሳቀ። "አይጡ ሲብስብኝ ትናንት ጣል ጣል አደረግኩ። በቃ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ድመት ናት። ሌላ ይገኛል።"

ረስቼው! ጊዮርጊስን ረሳው! ደሜ ፈላ። የምለው ጠፋኝ፤ እኔ አምሳለ፣ ዕድሜ ልኬን ምላስሽን ያዥ ስባል የኖርኩት ሴትዮ፣ የምለው ጠፋኝ። ተመልሼ ጓሮዬ ውስጥ ከጌሾው ሥር ለዳለቻ ጉድጓድ ቆፈርኩላት። ቆፍሬ ሳልጨርስ ልጆቿ ቤቱን በጩኸት አቀለጡት።

እናንተዬ፣ እናት የሌለው የድመት ልጅ ማሳደግ ቀላል ይመስላችኋል? እኔም መስሎኝ ነበር። ለቤዛዊት ደወልኩላት፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በስንት መከራ ተሰማማን። "እማዬ፣ የላም ወተት ብቻውን እንዳትሰጫቸው፣ ተቅማጥ ያጣድፋቸዋል" አለችኝ። "የእንቁላል አስኳል ምቺበት። ለብ ይበል፤ የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪው። ከፋርማሲ ሲሪንጅ ግዢ፣ መርፌውን አውጪና በእሱ አጠጪያቸው። ደግሞ እንደ ሕፃን አንጋለሽ እንዳትይዣቸው፤ ወተቱ ሳንባቸው ይገባል። በሆዳቸው አስተኚያቸው።"

"ይኸው ነው?"

"አይደለም። ጠግበው ሲጨርሱ ከሥራቸው በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረጊላቸው። እናታቸው ካልላሰቻቸው መሽናት አይችሉም።"

ስድሳ የደፈንኩ ሴትዮ የድመት ቂጥ ልጠርግ! ጠረግኩ፤ ምን አደርጋለሁ። የእንጅባራን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሃይላንድ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ፣ በሻሽ እየጠቀለልኩ ካርቶኑ ውስጥ መሃላቸው አስቀምጥላቸዋለሁ፤ እንደ እናት ጡት ተለጥፈውበት ይተኛሉ። ሲቀዘቅዝ ይጮኻሉ፣ ሲርባቸው ይጮኻሉ። በተጮኸ ቁጥር እኔ ምንይችልን እረግማለሁ። እየረገምኩ አጠጣለሁ፣ እያጠጣሁ እረግማለሁ።

ወተትና እንቁላል ነው እንግዲህ። ያውም በሁዳዴ። ችግሩ ከወዲሁ የገባው ይኖራል።

በእኛ ዘንድ ቅበላው ሲያልቅ የወተት ዕቃው ታጥቦ፣ ታጥኖ ይሰቀላል። ወተት ቤቱ ይዘጋል። የገጠሩ ሰው ያለበውን እየናጠ ለፋሲካ ቅቤ ያጠራቅማል፤ እንቁላሉም ለፋሲካ ገበያ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ሰፈሩ የሚያውቀኝ በጾሜ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ በአፌ አይዞርም። ስለዚህ ተጠንቅቄ ነው የጀመርኩት። አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ለየሁ፣ አንድ ማንኪያ ለየሁ፤ ማድቤት እንዳይገቡ መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። ወተት ከነካሁ እጄን በአመድ ነው የምታጠበው። ሆዴ እየሞረሞረኝ ያ ለብ ያለ ወተት አፍንጫዬ ሥር ሲያውደኝ ይውላል፤ ጠብታ አልቀመስኩም። የማርያም ያለህ፣ ጠብታ!

ወተቱን የምታመጣልኝ ሸጋ ናት። ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ካለች መንደር ነው የምትመጣው፤ በደህናው ጊዜ ለግማሹ ሰፈር ወተት የምታቀርብ እሷ ናት። ቤቷ የሚወራው አገውኛ ነው። እኔ የጎዛምን ሰው ስለሆንኩ ብዙም አልሰማም፤ ግን ከሸጋ ጋር ለመግባባት ሳቋ ብቻ ይበቃል። የድመቶቹን ነገር ስነግራት ከት ብላ ሳቀችብኝ። "ድመት ደግሞ ምን ጾም አለባት!" አለችና፣ ከሚናጠው ላይ እየቀነሰች ጠዋት ጠዋት በሃይላንድ ታመጣልኝ ጀመር። እንቁላሉን የገዛ ዶሮዎቼ ይጥሉልኛል።

ዓይናቸው ተገለጠ። ሁለቱ ቡራቡሬ ናቸው፤ ሆዳሞች፣ ሲሪንጁን ከእጄ የሚነጥቁ። ሦስተኛዋ ቁርጥ እናቷን ናት፤ አመዷን ለብሳ፣ ከሁሉም ያነሰች። ቶሎ ይደክማታል። ሁለት ጊዜ ትጠባና አገጯን ጣቴ ላይ ጥላ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ቀስቅሼ፣ አባብዬ፣ ተቆጥቼ ነው የማጠጣት። "ጠጪ እንጂ አንቺ! እናትሽ ሞታ አንቺም ልትሞቺብኝ ነው?" እላታለሁ። ትንሽ ትንሽ ሆዷ መሙላት ጀመረ። እሷ ከዳነች ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

አንድ ጠዋት ሸጋ ቀረች። ታማ ይሆናል አልኩ። በማግስቱም ቀረች። በገበያ ቀን ወጥቼ ብፈልጋት የለችም፤ ወተት ቤቶቹን ባንኳኳ "በሁዳዴ ወተት?" እያሉ ከእግር እስከ ራሴ ያዩኛል። አስኳሉን በስኳር ውሃ እየመታሁ ሰጠኋቸው። ሁለቱ እየጮሁም ቢሆን ጠጡ። ትንሿ ግን አፏን ገጠመች። በጣቴ ከፍቼ ጠብ ባደርግላት በከንፈሯ ጎን ይመለሳል።

እንዲህ ጭንቅ ብሎኝ ሳለሁ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ግድም፣ የንስሐ አባቴ ቄስ ይኸነው መጡ። ሌላ ጊዜ "ቤት ለእንግዳ" ብለው ሳቅ እያሉ ነው የሚገቡት። ያን ቀን ደጃፉ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ወለተ ማርያም" አሉኝ፤ የክርስትና ስሜ ነው። "አንድ ነገር ሰምቼ መጣሁ።"

"ምን ሰሙ አባቴ?"

"ጾሙን ፈታች አሉኝ። በየቀኑ ወተት ይገባልሻል። የእንቁላል ቅርፊትም ከቆሻሻሽ ላይ ታይቷል።"

የቆሻሻ ጉድጓዴ ያለው አጥሩ ሥር ነው። ከማዶ ሆኖ ሊያየው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው።

"ምንይችል ነው የነገረዎት?"

ዓይናቸውን ወደ መቋሚያቸው መለሱ። ገባኝ። "ለማኅበራችንም ተናግሯል" አሉ። "ለወተቷ ሴትም ሳይነግራት አልቀረም፤ ለጾም ፈቺ ወተት ያቀረበ ዕዳው የእሱ ነው ብሎ።"

አያችሁልኝ? ሰው "አምሳለ በሁዳዴ ወተት ምን ያደርግላታል?" ብሎ ከጠየቀ፣ መልሱ መርዙ ነው፤ መሐላው ነው። ስለዚህ ቀደመኝ። ድመቴን ገደለ፤ አልበቃው ብሎ የልጆቿን ጉሮሮ ዘጋ፤ እሱም አልበቃው ብሎ ስሜን አጎደፈ።

"ይግቡ!" አልኳቸው። ጮኼ ነው ያልኳቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። "ይግቡና እጅዎን ይዘርጉ አባቴ!"

ደንግጠው ገቡ፤ ደንግጠው እጃቸውን ዘረጉ። ትንሿን አንስቼ መዳፋቸው ላይ፣ ከእጅ መስቀላቸው አጠገብ አስቀመጥኳት።

"ወተቱን የምትጠጣው ይቺ ናት! እናቷን ምንይችል በጊዮርጊስ ምሎ፣ መሐላውን በልቶ በመርዝ ገደላት። እኔ የፈታሁት ጾም የለም። እሱ ምን እንደፈታ ይጠይቁልኝ!"

"ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ…"

"ምን ብዬ ልንገርዎት? ድመት አጠባሁ ብዬ ንስሐ ልግባ?"

"እንዲያው ለሰው ዓይን ማለቴ ነው ልጄ…"

"የሰው ዓይን! የሰው ዓይን እሱ መርዙን ሲበትን የት ነበር? አሁን ነው የተገለጠው? የእነዚህ ዓይን እንኳ ቀደመው!"

እሳቸው እጃቸውን ነበር የሚያዩት። ትንሿ የአውራ ጣታቸውን ጫፍ ፈልጋ አገኘች፤ ልትጠባ ሞከረችና ተወችው። ቄስ ይኸነው ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ደረታቸው ሥር አስገቧት።

"በርዷታል" አሉኝ። "እኔ አሞቃታለሁ። አንቺ ሂጂና ወተቱን አምጪ። ሸጋን ቄስ ይኸነው ልኮኛል በያት።"

ሄድኩ። አስፋልቱን በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ፤ ሮጥኩ ብል ነው የሚሻለው። ሸጋ ስታየኝ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "ዕዳው በልጆችሽ ይወርዳል አለኝ እትዬ፤ ፈራሁ" አለች። ነገሩን ከሥሩ ስነግራት በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች። ቃሉን አላወቅኩትም፤ ለማን እንደሆነ ግን ገብቶኛል፣ ጥሩም ነገር አልነበረም። ሃይላንዱን እስከ አፉ ሞላችልኝ።

ስመለስ አልሸፈንኩትም። ነጠላዬን ጣል ላደርግበት እችል ነበር፤ አላደረግኩም! በገበያው መሃል፣ በቀትር፣ ወተቱን ከፍ አድርጌ ይዤ አለፍኩ። ሰው ይይ! በምንይችል መጋዘን በር ስደርስ ቆም አልኩ፤ እስኪያየኝ ጠበቅኩት። አየኝ፤ አየኝና ወደ ሚዛኑ ዞሮ ጆንያ የሚያስተካክል መሰለ።

ቤት ስገባ ቄስ ይኸነው ከተውኳቸው ወንበር አልተነሱም። ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነው።

"ወለተ ማርያም" አሉ።

ጋቢውን ገለጥኩት። ሞታለች። ጋቢው ይሞቃል፤ እሷ ቀዝቅዛለች።

አላለቀስኩም። ልቅሶ የሚመጣው ንዴት ቦታ ሲለቅለት ነው፤ አልለቀቀለትም። ትንሿን በመሐረብ ጠቅልዬ ወጣሁ። ልቤ ያሰበው አንድ ነገር ነበር፤ ሄጄ የምንይችል ሚዛን ላይ ላስቀምጣት፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየ። "መዝናት! ስንት ትመዝናለች?" ልለው። ቄሱ ከኋላዬ "ተይ ልጄ" ይሉኛል፤ አልሰማኋቸውም። የግቢው በር ላይ ደርሼ እጄን መዝጊያው ላይ እንዳደረግኩ ሁለቱ ቡራቡሬዎች ከካርቶኑ ውስጥ ጮሁ። ስለ እህታቸው አይደለም፤ ርቧቸው ነው። ወተቱ ገና አልሞቀም።

ተመለስኩ። ጥርሴን ነክሼ ምድጃውን አያያዝኩ። አስኳሉን መታሁ፣ አንጓዬ ላይ ጠብ አደረግኩ። ቄስ ይኸነው አንዱን ይዘውልኝ ሌላውን አጠጣሁ፤ አንዱን አጥጥቼ ሌላውን ተቀበልኳቸው። "በሆዱ አባቴ፣ በሆዱ ያስተኙት!" እያልኩ የንስሐ አባቴን ተቆጣሁ፤ እሳቸውም "እሺ፣ እሺ" እያሉ ታዘዙኝ። ጠግበው ሲተኙ ትንሿን ከጌሾው ሥር እናቷ ጎን ቀበርኳት።

ቄስ ይኸነው ለማኅበሩ እውነቱን ተናገሩልኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ "ይቅር በይን" አሉኝ፤ ይቅር አልኳቸው። ሸጋም እስከ ፋሲካ አንድ ጠዋት አላጎደለችብኝም። ምንይችልስ? "ለጾሙ ተቆርቁሬ ነው" አለ አሉ። ድንቄም ተቆርቋሪ! ስለ መርዙ አንዲት ቃል የለም። አጥሩን ተሻግሮ "አጥፍቻለሁ" አላለኝም።

ሁለቱ አደጉ። ሥጋ ቀመሱ፣ አጥር ላይ ወጡ፣ መጋረጃዬን ቀደዱት። ክረምቱ ሲቃረብ የመጀመሪያ አይጣቸውን ይዘው መጥተው እግሬ ሥር ጣሉልኝ። የአጥሩን ቀዳዳ ግን በድንጋይ ደፍኜዋለሁ፤ ወደዚያ አይሻገሩም።

ማዶ ምን ሆነ መሰላችሁ? የምንይችል መርዝ ዳለቻን ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩን ድመት ሁሉ ጨርሶት ነበር። የተረፈው አይጥ ደግሞ መርዙን አውቆ አልነካ አለ። ድመት የለ፣ መርዝ አይሠራ፤ ሰኔ ሲገባ መጋዘኑ የአይጥ ሆነ። ጆንያው ከሥሩ እየተበሳ ጤፉ ወለል ላይ ሲፈስ በአጥሩ በኩል አያለሁ። እሰይ አልኩ። አልዋሽም፤ ደጋግሜ እሰይ አልኩ።

አንድ ከሰዓት፣ የሐዋርያት ጾም ተይዞ ነው፣ ድንቼን ልኮተኩት ዶማዬን ይዤ ስወጣ ምንይችል ዓይኑን በጨው አጥቦ ግቢዬ ገባ።

"እትዬ አምሳለ፣ እንደምን ዋልሽ?"

"ምን ፈለግክ?"

"አይጡ ጨረሰኝ እትዬ። መርዙንም ለመደው መሰለኝ፣ አይበላም።" ዓይኑ እንጨቱ ክምር ላይ ተጋድመው ፀሐይ ወደሚሞቁት ወደ ሁለቱ ሄደ። "ከእነዚህ አንዷን ብትሰጪኝ ብዬ ነው። ያለፈው አልፏል፤ ጎረቤት ነን።"

እኔም ወደ ድመቶቹ ዞርኩ። የተስማማሁ መሰለውና ጠጋ አለ።

"እንደ ልጄ ነው የምይዛት። ወተት አላሳጣትም፤ ጾም ቢሆንም አጠጣታለሁ! በጊዮርጊስ!"

በጊዮርጊስ አለኝ። በድጋሚ፣ በዚያው አፉ።

ያኔ ቁጣዬ በረደ አልላችሁም፤ ቦታውን ነው ያገኘው። "ና" አልኩት። ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከፊቱ መራሁት። እየተከተለኝ "የትኛዋ ናት አይጥ የምትይዘው?" ይለኛል። ጌሾው ጋ ስንደርስ ቆምኩ።

"የአንተ እዚህ አሉልህ" አልኩት። "ትልቋ ዳለቻ ናት፤ መጋዘንህን ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችልህ። አጠገቧ ያለችው ልጇ ናት፤ ወተት አጥታ የሞተችው። የእኔ አይደሉም ምንይችል፣ የአንተ ናቸው። ቆፍረህ ውሰድ።"

ዶማውን እጁ ላይ አኖርኩት።

ተቀበለኝ፤ ሳያስበው ነው የተቀበለኝ። መሬቱን አየ፣ ዶማውን አየ። ከዚያ ዶማውን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ወጥቶ ሄደ።

እኔም ዶማዬን አነሳሁ። ድንቹ ገና አልተኮተኮተም ነበር።